ሁለት ሜትር ከአስር፦ በሞንግ ኮክ አራት ሌሊት

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ቦርሳዬ ሲከፈት ከሊፕስቲክ በፊት የሚወጣው ሜትር ነው። ስለዚህ ሆንግ ኮንግ ውስጥ፣ ሞንግ ኮክ በሚባለው ሠፈር ያረፍንበትን ገስት ሃውስ (ትንሽ ማረፊያ ቤት ነው) "ክፍሉ ትንሽ ጠበብ ይላል" ብዬ አላልፍም። ለክቼዋለሁ። ወርዱ 2 ሜትር ከ10፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70። 5.67 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እዚህች ውስጥ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ሴትና ሦስት ሻንጣ ሆነን አራት ሌሊት አደርን።

የአንዱ አልጋ ወርድ 80 ሳንቲም ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1 ሜትር ከ60። መሃል ላይ የቀረችው 50 ሳንቲም ናት። አብረውኝ የሄዱት እትዬ ደግሞ ደልደል ያሉ ናቸው። ሌሊት ሲነሱ በጎን ነው የሚያልፉት፤ እኔ እግሬን እሰበስባለሁ። በመጀመሪያው ማታ በሩ ላይ ቆመው "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ክፍል ነው ቁም ሳጥን?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ቁም ሳጥን እንኳ የለውም። ልብስ የሚሰቀለው ግድግዳው ላይ በተመቱ አራት ማንጠልጠያዎች ነው።

የከፈልነው በሌሊት 420 የሆንግ ኮንግ ዶላር ነው። ለአራት ሌሊት 1,680። አንድ የአሜሪካ ዶላር 7.80 የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ ነው፤ ከ1983 ጀምሮ እዚያው አካባቢ ታስሮ የቆየ ምንዛሪ ስለሆነ ሒሳቡ አያደናግርም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።) ለሁለታችን 215 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ወጣብን ማለት ነው። ከዚህ ሌላ የቁልፍ ማስያዣ 100 የሆንግ ኮንግ ዶላር አለ፤ ሲወጡ ይመለሳል።

የቤቱን ስም አልጠራም። ቤቱ ባለበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ገስት ሃውስ በሽ በሽ ነው። አንዱን ነጥዬ ብኮንነው የቀሩት የተሻሉ ይመስላችኋል። አይደሉም። ሦስቱን ገብቼ አይቻለሁ፤ አንዱ ጋ እንዲያውም ሻንጣው ከአልጋው ሥር አይገባም ነበር።

ፎቶው ግን አናዶኛል። ኢንተርኔት ላይ ባየሁት ፎቶ በሁለቱ አልጋዎች መሃል እስክስታ ይወረድበታል። ከጣሪያው ጥግ ሆኖ በሰፊ ሌንስ ያነሳው ሰው የእጁን አግኝቷል። ስፋቱ በቁጥር የትም ቦታ አልተጻፈም ነበር። እናንተ ስትይዙ ፎቶ አትመኑ፤ ስንት ካሬ እንደሆነ ጠይቁ። ካልነገሯችሁ መልሱን አወቃችሁት።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የመጣነው ኤ21 በሚባለው አውቶቡስ ነው። ፎቅ ያለው ነው፤ ላይኛው ላይ ከፊት ተቀመጥን። እትዬ በመስኮት እያዩ "የት አለ ሰው በሰው ላይ የሚሉት?" አሉ። እውነታቸውን ነው። አረንጓዴ ተራራ ነው። ባሕር ነው። ቤት የለም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ሆንግ ኮንግ 18 ወረዳ አላት። አራቱ በሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ናቸው፤ አምስቱ በካውሉን፣ ዘጠኙ ደግሞ ኒው ቴሪቶሪስ በሚባለው ሰፊው ክፍል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው "ደሴቶች" በተባለው ወረዳ ነው። ከሁሉም ሰፊው እሱ ነው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኖረው ግን አንድ ሺህ ሰው ገደማ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ተበትኖ አይደለም። ከወረዳው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተንግ ቹንግ በተባለች አንዲት አዲስ ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ተደራርቧል። የቀረው ተራራ ነው። አማካይ የሚሉት ነገር እንደዚህ ነው፤ ተራራውንም ሰው የሚኖርበት አስመስሎ ይቆጥርላችኋል።

አውቶቡሱ ጺንግ ማ የተባለውን ትልቅ ድልድይ ተሻገረ። ከዚያ የወደቡ ክሬኖች መጡ፤ ኮንቴይነር እንደ ክብሪት ሣጥን ተደርድሯል። ያ ሌላ ወረዳ ነው፣ ኳይ ጺንግ። ከዚያ ካውሉን ገባን፤ ሰማዩ ጠበበ። ናታን መንገድ ላይ ስንደርስ ሕንፃዎቹ ፊታቸውን መስኮት ላይ የሚያስጠጉ መሰለኝ። እትዬ ጥያቄያቸውን አልደገሙትም።

ማረፊያችን ያለበት ወረዳ ስሙ ያው ጺም ሞንግ ይባላል። አዎ፣ ሳቁ። እኛም ስቀናል። እትዬ የመንገድ ካርታውን ሳነብላቸው "ያው ጺም? የማን ጺም?" አሉ። ስሙ የተቀጣጠለ ነው። ያው ማ ቴይ፣ ጺም ሻ ጹይ፣ ሞንግ ኮክ፤ የሦስቱ ሠፈሮች የመጀመሪያ ቃል ተወስዶ አንድ ላይ ተሰፋ። በ1982 ወረዳዎቹ ምክር ቤት ሲቋቋምላቸው 18 ነበሩ። በ1985 ኳይ ጺንግ ከጹን ዋን ተቆርጦ ወጣና 19 ሆኑ። በ1994 ደግሞ ያው ጺምና ሞንግ ኮክ ተጣመሩና እንደገና 18። አንዱን ቀደው አንዱን ጠቅመው ልኩ ላይ መለሱት። የልብስ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይሄን ታሪክ ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። ሕንፃው ከታች የጫማና የስልክ ሱቅ ነው። እኛ 11ኛ ፎቅ ነበርን። ሊፍቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ላይ፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ላይ ብቻ ይቆማል። ይሄን ማንም አልነገረንም። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ቁጥሩ ወጥተን 12ኛ ላይ ወረድንና ሦስት ሻንጣ በደረጃ ወደ ታች ጎተትን። የእትዬ ጉልበት እስከ ማግሥቱ አልተኛላቸውም። ሊፍቱ ውስጥ "6 ሰው" ይላል። ስድስት ሰው ከሻንጣ ጋር ማለት አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ አንድ ጠዋት 14 ደቂቃ ጠብቀናል።

ቤቱ ድሮ የአንድ ቤተሰብ አፓርታማ ነበር። አሁን ዘጠኝ ክፍል ሆኗል። ኮሪደሩ 68 ሳንቲም ነው። ከፊት ሰው ከመጣ አንዳችሁ ወደ ክፍላችሁ ትመለሳላችሁ። ጽዳቱ ግን ይደነቃል። አንሶላው ነጭ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የምታጸዳው አንዲት አሮጊት ናት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ማታ ትሄዳለች። እንግሊዝኛ የላትም፣ እኛም የእሷ ቋንቋ የለንም። በካልኩሌተርና በእጅ ነው የምንግባባው። ባለቤቱን አንድ ቀን እንኳ አላየነውም። እሱ የስልክ መልእክት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በሩ ላይ የፈቃድ ምልክት መለጠፉን እዩ። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ገስት ሃውስ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ የእሳት ማምለጫውንና ግንባታውን አይቶ ነው። እንዲህ ባለ ሕንፃ 11ኛ ፎቅ ላይ ስትተኙ ይሄ ቀልድ አይደለም። የእኛው ምልክቱ ነበረው። ደረጃውንም ወርጄ አየሁት፤ ክፍት ነበር፣ ሁለት ካርቶንና አንድ ብስክሌት ቢኖርበትም።

በሁለተኛው ማታ ጉድ ፈላ። መታጠቢያው 90 ሳንቲም በ1 ሜትር ከ10 ነው። ሻወሩ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ በላይ ነው፤ ተቀምጣችሁ ትታጠባላችሁ። ይሄ ምንም አይደለም። ውሃ ማሞቂያው ማብሪያው ውጭ ነው፤ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። እሱም ምንም አይደለም። ችግሩ የውሃ መውረጃው ነው። ተደፍኖ ኖሮ እኔ ፀጉሬን ስታጠብ ውሃው ደፉን አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። እዚያ ክፍል ውስጥ ወለል ማለት ሻንጣ ማለት ነው። ያን ቀን የገዛሁት ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ጨርቅ ታችኛው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ከፋይ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የሰፋ ያውቃል። ሁለት ሜትሩ ተኮማትሮ ከጥቅም ውጭ ሆነ።

ለባለቤቱ ከፎቶ ጋር ጻፍኩለት። በማግሥቱ ከሰዓት መለሰልኝ። "ሻንጣ ወለል ላይ አታስቀምጡ።" ታዲያ የት ላስቀምጠው? ጣሪያ ላይ? አሮጊቷ ግን ጠዋት እንደመጣች አየችው። ምላሷን ነካ አድርጋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ልክ እንደ እኛ እናቶች። የጎማ መምጠጫ አምጥታ በአምስት ደቂቃ ከፈተችው። ካሣ የሚባል ነገር የለም። የከፋዩ ሒሳብ በእኔ።

ጩኸቱስ? የናታን መንገድ ድምፅ 11ኛ ፎቅ ላይ አይሰማም ማለት ይቻላል። መስኮታችን ወደ መንገዱ አይደለማ። የሚያየው ወደ አየር ማስገቢያው ጉድጓድ ነው፤ በሁለት ሕንፃ መሃል ያለ ጭለማ ቀዳዳ። ሜትሬን ዘርግቼ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነካሁት፤ 1 ሜትር ከ40። በዚያ ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው ወጥ ቤት መስኮት አለ። አንድ ሰውዬ ማታ ማታ ሩዝ ያጥባል። ቀና ካለ ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት ነው። እትዬ ነጠላቸውን ይከናነባሉ፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ማጠቡን ይቀጥላል። በአራተኛው ቀን ሰላም መባባል ጀመሩ። የላይኛው ፎቅ ኤሲ ውሃ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የጆሮ መድፈኛ ያዙ።

መጋረጃው ... ስለ መጋረጃው በኋላ።

የመጣሁት ለጨርቅ ነው። የጨርቁ ሠፈር ሻም ሹይ ፖ ይባላል፤ እሱም ራሱን የቻለ ወረዳ ነው። ከሞንግ ኮክ በባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ነው፤ እኛ ግን በእግር ሄድን። ኪ ሉንግ መንገድ ላይ ጣቃ በጣቃ ነው። ዩ ቻው መንገድ ጨሌና ቁልፍ ነው። ናም ቾንግ መንገድ ደግሞ ሪባን፣ ዘርፍ፣ ጥልፍልፍ ገመድ። እትዬ ናም ቾንግ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፉብኝ። ሳገኛቸው በአንዲት ሱቅ ውስጥ በርጩማ ተሰጥቷቸው ወርቃማ ዘርፍ በክንዳቸው እየለኩ ነው። ሱቋ ወርዷ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ውስጧ ግን ሦስት ሰው፣ አንድ ድመትና ስንት ሺህ እንደሆነ የማላውቀው ጥቅል አለ። ሁሉም ወደ ላይ ነው የተደረደረው። ባለሱቋ የምትፈልገውን በረጅም ዘንግ ነካ አድርጋ በእጇ ትቀልበዋለች። አንድም ጊዜ አልሳታትም።

ይሄው ወረዳ ሌላም ነገር አለው። ከሱቆቹ በላይ ያሉት አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ እንደ እኛ ገስት ሃውስ የተከፋፈሉ ቤቶች ሞልተዋል፤ ልዩነቱ ሰው የሚኖርባቸው መሆኑ ነው። በመላው ከተማ እንዲህ በተሸነሸነ ቤት ውስጥ የሚኖረው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ነው። እኛ ለአራት ሌሊት አጉረመረምን። እነሱ ልጅ ያሳድጉበታል። በ2021 ቆጠራ መሃለኛው ቤት 40 ካሬ ሜትር ነው፣ ለአንድ ሰው 16 ካሬ ገደማ። የእኛን ክፍል ለሁለት ስናካፍለው ለአንዳችን 2.8 ይደርሰናል። ስለዚህ ገስት ሃውሱን በአገሬው ልክም ብትለኩት ጠባብ ነው። ከተማው ጠባብ ነው እያሉ ሊያልፉት አይገባም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ኩን ቶንግ ሄድኩ። የመጋረጃ ብረትና ቀለበት በጅምላ የሚሸጥ ሰው እዚያ ነው ተባልኩ። በአረንጓዴው የባቡር መስመር ከሞንግ ኮክ ቀጥታ ይወስዳል። የከተማዋ ምድር ባቡር በ1979 ሥራ የጀመረው በዚሁ መስመር ላይ ነው፣ ከሼክ ኪፕ ሜይ እስከ ኩን ቶንግ።

ከመሄዴ በፊት ማታ ስልኬ ላይ ቁጥር እያየሁ ነበር። ሰው ሁሉ በመጨናነቅ የሚያነሳው ሞንግ ኮክን ነው። ወረዳ በወረዳ ሲቆጠር ግን አንደኛው ኩን ቶንግ ነው። በ2021 ቆጠራ 673 ሺህ ሰው 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 60 ሺህ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የእኛው ያው ጺም ሞንግ 44 ሺህ ገደማ ነው። ከተማው በጠቅላላ ሲካፈል ደግሞ 6,800 አካባቢ። "እትዬ፣ ነገ የምሄድበት ከዚህ ይብሳል" አልኳቸው። "እኔ አልሄድም፣ እዚሁ ሩዝ አጣቢውን አያለሁ" አሉኝ።

ከባቡሩ ስወርድ መተላለፊያ አጣለሁ ብዬ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። የት አለ መጋፋት? በፋብሪካዎቹ በኩል የጭነት መኪና ይበዛል። ወደ መኖሪያው በኩል ግን መንገዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፣ አረጋውያን ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና ስል ነው የገባኝ። ሰው እላይ ነው። ኮረብታውን ተከትለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ቆመዋል፤ መስኮቱን ቆጥሬ 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ተምታታብኝና ተውኩት። በየመስኮቱ ልብስ ተሰጥቷል። እኔ እንኳ በሕይወቴ ያን ያህል መስኮት በአንድ ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ በልቤ ለስንቱ መጋረጃ እንደሚያስፈልገው አሰላሁ። ሙያ ክፉ ነው።

ሞንግ ኮክ ላይ የሚያጋፋችሁ ሰው የሞንግ ኮክ ሰው አይደለም። ሊገዛ የመጣ ነው፣ ሊበላ የመጣ ነው፣ ባቡር ሊቀይር የመጣ ነው። ቆጠራ የሚቆጥረው የሚተኛበትን ነው። ያ ሁሉ ግፊያ ማታ ተበትኖ ኩን ቶንግና ሻ ቲን ሄዶ ይተኛል፤ ቁጥሩም እዚያ ይጻፋል። እኛ ደግሞ በ5.67 ካሬ ላይ ሁለት ሆነን የትም አልተቆጠርንም። ለነገሩ የሊፍቱ ወረፋ ላይ ሰልችቶኝ አስልቼው ነበር። የእኛ ክፍል ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ 352 ሺህ ሰው ይኖርበታል፣ ያውም በአንድ ፎቅ ብቻ።

የብረት ሻጩ ፋብሪካ 7ኛ ፎቅ ላይ ነው። በዕቃ ሊፍቱ ወጣሁ። ሜትሬን አላስቻለኝም። 2 ሜትር ከ40 በ3 ሜትር። ሊፍቱ ከመኝታችን ይሰፋል! ውስጡ ደግሞ ወንበር ያላት ሊፍት ነጂ አለች፣ ቴርሞስ አላት፣ ትንሽ ማራገቢያ አላት። ፎቶ አንስቼ ለእትዬ ላክሁላቸው። "ባዶ ከሆነ ነገ እንግባበት" ብለው መለሱ። ብረቱን ጥሩ ዋጋ አገኘሁበት፣ ስለ እሱ ሌላ ቀን።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ለእትዬ ጉልበት ስንል ጀልባ ያዝን። ስታር ፌሪ ነው፣ ከጺም ሻ ጹይ ሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ወዳለው ሴንትራል የሚሻገረው። አገልግሎቱ ይሄን ስም ከያዘ ከ1898 ጀምሮ ነው። በኦክቶፐስ ካርድ ነካ አድርጋችሁ መግባት ነው፤ ያ ካርድ ባቡሩንም አውቶቡሱንም የሱቅ ዕቃንም ይከፍላል። እንጨት ወንበሩ መደገፊያው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይገለበጣል፤ ጀልባው መዞር አያስፈልገውም፣ ወንበሩን ትገለብጣላችሁ። እትዬ ሦስት ጊዜ ገለበጡት። አሥር ደቂቃ አይሞላም መሻገሪያው። ድሮ ይረዝም ነበር፤ ባሕሩ ከሁለቱም ወገን በአፈር እየተሞላ ጠበበ። በ1997 ወደቡን የሚጠብቅ ሕግ ወጣና መሙላቱን ገታው። በአራቱ ቀን እግሬን ሙሉ የዘረጋሁት እዚያ ጀልባ ላይ ነው።

ከጀልባው በፊት አንድ ቦታ ገብተን ነበር፤ ካውሉን ሲቲ ወረዳ ውስጥ ያለ መናፈሻ። ድሮ በግንብ የታጠረው ከተማ የሚባለው ነበረበት። 2.6 ሄክታር ላይ 33 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። ፈርሶ በ1995 መናፈሻ ሆነ። መግቢያው አካባቢ ሕንፃዎቹን የሚያሳይ የነሐስ ሞዴል አለ፤ ሕንፃ ከሕንፃ ተጣብቆ እንደ አንድ የማር እንጀራ። አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አካፈልኩት። ለአንድ ሰው የሚደርሰው መሬት ካሬ ሜትር አይሞላም። የገስት ሃውሱ አልጋ ግማሽ ነው። እትዬ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው "እና ተዝካር የት ያወጡ ነበር?" አሉ። ይሄን ጥያቄ የትኛውም ጽሑፍ ላይ አላየሁትም።

እንግዲህ ነጥብ ስጪ ብትሉኝ ለቦታው ከአሥር ዘጠኝ፣ ለክፍሉ አራት፣ ለአሮጊቷ አሥር እሰጣለሁ፣ ባለቤቱ ይቅርብኝ። እንደገና እገባበታለሁ? ብቻዬን ከሆንኩ አዎ። ከእትዬ ጋር ከሆነ ጨርቁ ወዳለበት ሻም ሹይ ፖ፣ ከአምስተኛ ፎቅ በታች እፈልጋለሁ። ብዙ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ሞንግ ኮክ አይመጣ፤ ዕቃውን አልጋ ላይ አስተኝቶ እሱ ቆሞ ነው የሚያድረው።

አሁን መጋረጃው። የመስኮቷ ወርድ 62፣ ቁመቷ 74 ሳንቲም ነው። የተሰቀለባት አንድ የተቀደደ የአንሶላ ቁራጭ ነበር፣ በሁለት ምስማር። ከግራ አራት ጣት ያህል ክፍተት ስላለ ነው እትዬና ሩዝ አጣቢው የሚተያዩት። ሙያዬ ነው፣ አላስቻለኝም። ከተበላሸው ከፋይ ጤነኛውን ጫፍ ቆረጥኩ፣ ከናም ቾንግ በተረፈ ዘርፍ ከፈፍኩት፣ ከኩን ቶንግ ናሙና ብለው የሰጡኝን ትንሽ ብረት ገጠምኩለት። በመጨረሻው ማታ በእጅ ሰፍቼ ሰቀልኩት። እትዬ "አሁን እሱን ማን ያየዋል?" ብለው ቅር አላቸው።

ጠዋት ቁልፍ ልንመልስ ስንል አሮጊቷ ክፍሉን ልታይ ገባች። ቆየች። ብቅ ስል መጋረጃውን ገልብጣ የጀርባውን ስፌት እያየች ነው። የሚያውቅ ሰው ነው ጀርባውን የሚያይ። 100 ዶላሬን መለሰችልኝ። ከዚያ ካልኩሌተሯን አወጣች፣ ወደ ኮሪደሩ በሮች እየጠቆመች 8 ጻፈችና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

እኔም ካልኩሌተሩን ተቀበልኳት። እትዬ ሊፍቱን በእግራቸው ይዘው "አንቺ ልጅ፣ ሊዘጋብኝ ነው!" እያሉ ይጮሃሉ።